ለእናታችን የመረጥከው ቱቦ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ትርጉም አትፈልግለት።

ሚስትህ ትናንት ሱቅ ደወለችልኝ። ፊቴ ደንበኛ ቆሞ ስለነበር ቆይቼ ልደውልልሽ ልላት ስል ማልቀስ ጀመረች። ከመሰላል ወድቀህ ዳሌህ መሰበሩን ቀድሜ ሰምቻለሁ፤ ክፉ ወሬ መቼም እግሩ ፈጣን ነው። ያልሰማሁትን ግን እሷ ነገረችኝ። ከሆስፒታል ልትወጣ እንደሆነ፣ ሐኪሞቹ ደረጃ እንዳትወጣ እንደከለከሉህ፣ ቤታችሁ ደግሞ ፎቅ ላይ በመሆኑ መግቢያ እንዳጣችሁ፣ ለወራት ወንበር ላይ ተቀምጠህ ካልሆነ መታጠብ እንደማትችል። «የእናቱ ቤት ምድር ነው፣ ሻወሩም ወንበር ያስገባል። እባክሽን እህቴ፣ እስኪያገግም አንቺ ጋ ይሁን» አለችኝ። አስቤበት መልስ እሰጣለሁ አልኳት።

መልሱን ለእሷ መንገር አልፈልግም። የማታውቀው ነገር ስላለ አይገባትም። ለዚህ ነው ላንተ የምጽፈው። ደግሞም መደወል የነበረብህ አንተ ነህ። የተሰበረው ዳሌህ ነው፤ አፍህ ደህና ነው።

ካንተ ያገኘሁትን አልክድም። አባታችን ሲሞት የቤቱ ምሰሶ አንተ ሆንክ። እኔን ትምህርት ቤት እየወሰድክ፣ እናታችንን እያጽናናህ፣ ገና ጢምህ ሳያቀመቅም አባወራ ሆንክ። «ጭራዬ» ትለኝ ነበር፤ እውነትም ጭራህ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት እንደተለቀቅኩ የምትሠራበት ቤት ድረስ መጥቼ መፍቻ አቀብልሃለሁ፣ የቧንቧውን ጥርስ በነጭ ላስቲክ እጠቀልልልሃለሁ። ዛሬ የግንባታ ዕቃ መደብር ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ሰው «የቱ ይሻለኛል?» ሲለኝ የምመልስለት ያንተን ቃል ነው።

አንድ ጊዜ ረዳትህን ስትቆጣው ነበርኩ። ከታንከር ወደ ፓምፕ ቀጭን ቱቦ ቀጥሎ አገኘኸውና ቆርጠህ ጣልክበት። «ፓምፕ እንደ ሰው ነው፤ ያልዋጠውን አይተፋም። መግቢያው ከመውጫው ይስፋ። ለሻወር ደግሞ ሙቁም ቀዝቃዛውም የየራሳቸው መንገድ ይኑራቸው። ቀዝቃዛው ከተሰረቀ ሙቁ ሰው ያቃጥላል» አልከው። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ሰማህ። እኔም ጥግ ላይ ሆኜ ሰማሁህ።

ይህን የማነሳው አላወቅኩም ነበር እንዳትለኝ ነው። አለማወቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ።

እናታችን ወድቃ ወገቧ እምቢ ካላት በኋላ ሳፋ ላይ ማጎንበስ እንዳቃታት ታስታውሳለህ። ቆማ መታጠብም አትችልም። ታንከራችን ዝቅ ያለ ቆጥ ላይ ስለተቀመጠ ሻወሩ ውሃ ያወርዳል ከማለት ጉንፋን እንደያዘው አፍንጫ ያንጠባጥባል ማለት ይቀላል። ፓምፕ ካልገባለት መላ እንደሌለው አንተም እኔም እናውቃለን። «እኔ እያለሁ የእናቴን ቧንቧ ማንም አይነካም» አልክ። እሷም ይህችን ቃል ይዛ ለመጣ ለሄደው ሁሉ አወራች። ጎረቤታችን ከምታውቀው ሠራተኛ ጋር ላገናኝሽ ስትላት «ልጄ ምን ሆነና!» ብላ ተቀየመቻት። አንተ ግን ሥራ በዛብህ። ዛሬ ነገ ስትል ክረምቱ ገብቶ ወጣ። እኔ በጆግ እያፈሰስኩ ሳጥባት ከረምኩ።

በመጨረሻ ፓምፑን ይዘህ መጣህ። ጭነት መኪናህ ላይ ባለ አንድ ኢንች ቱቦ ታስሮ ሳየው ደስ አለኝ። ያንን ስታወርድ ስጠብቅ፣ ከሥሩ የተራረፈውን የግማሽ ኢንች ቁርጥራጭ ሳብክ። ያኛውስ ብዬ ጠየቅኩህ። የሰው ነው አልክ፤ ከሰዓት በኋላ የሚጠብቅህ ቪላ ነበር። ሱቁ ቅርብ ነው፣ ሮጥ ብዬ ላምጣ አልኩህ። ለአንድ ኢንች ግድግዳው በጥልቀት ሊፈለፈል ነው፣ ሴራሚኩ ሊነሳ ነው፣ ቀኑ ሊያልቅ ነው አልክ። ለእናትህ አንድ ቀን በዝቶብህ ነበር።

ከዚያ የባሰውን ሠራህ። ለሻወሩ ቀዝቃዛ ውሃ የራሱን መስመር በመዘርጋት ፈንታ ወደ ግቢው ቧንቧ ከሚሄደው ቱቦ ላይ ቀጠልከው። ሙቁ ከቦይለሩ ብቻውን ይመጣል፤ ቀዝቃዛው ግን ከግቢው ቧንቧ ጋር አንድ ቀጭን ጉሮሮ ይጋራል። የግቢው ሲከፈት የሻወሩ ቀዝቃዛ ይቀራል ማለት ነው። ረዳትህን የተቆጣህበትን የፓምፕ ቀጭን ቱቦም፣ ያስጠነቀቅከውን የቀዝቃዛ ስርቆትም ራስህ አደረግካቸው። ይህንኑ ቀስ ብዬ፣ ሥራህን የናቅኩ እንዳይመስልብኝ እየፈራሁ አስታወስኩህ። ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም።

«ለአንዲት አሮጊት ይበቃል» አልክ።

መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ነበርን። ከኮሪደሩ ማዶ የእናታችን ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር።

ሥራህ ከውጭ ሲታይ እንከን አልነበረውም። ቧንቧው ያብረቀርቃል፣ ሻወሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ግድግዳው የተነካ አይመስልም። እናታችን በምርኩዟ መጥታ መዳፏን ሴራሚኩ ላይ እያሳለፈች መረቀችህ። ግንባሯን ሳምካትና ወደ ቪላህ ሄድክ።

ፓምፑን ስከፍተው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ከዚያ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ መንጫጫት ጀመረ። የሚስበውን አጥቶ ነው። ውሃው አንዴ ቡፍ ይላል፣ አንዴ ይቋረጣል። «ይሄ ነገር አስም አለበት» አለች እናታችን። ሁለታችንም ሳቅን፤ ያን ጊዜ ገና ያስቀን ነበር። ማታ ስትደውልላት ግን ሌላ ሰው ሆነች። ፀጉሯ ሳሙና እንደሆነ፣ እኔ ጆጉን ይዤ እንደቆምኩ፣ «ዝናብ ነው እንጂ ሻወር አይደለም፤ እጅህ ይባረክ አባዬ» አለችህ። ስልኩን ስትዘጋ ጆጉን እንዳነሳሁ ቀረሁ። «አፍስሺ እንጂ፣ ሳሙናው ዓይኔ ገባ» አለችኝ።

እኔ ግን ነገርኩህ። ስትደውል ነገርኩህ፣ ስትመጣ ነገርኩህ። አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲለምድ ዝም ይላል አልከኝ። ፓምፕ ሲለምድ አይቼ አላውቅም፤ የለመድነው እኛ ነን። ሌላ ቧንቧ ካልተከፈተ ውሃው ቢያንስም ይወርድ ስለነበር፣ እሷ ስትታጠብ ሰሃን አይታጠብም፣ የግቢው ቧንቧ አይነካም። እሷ ጨርሳ እስክትወጣ ቤቱ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃታል።

ከዚያ ያ እሁድ መጣ። አዲሷን መኪናህን ልታሳየን በምሳ ሰዓት ገደማ ደረስክ። በሩን ስከፍትልህ እናታችን እየታጠበች ነው፣ ውሃ እንዳይከፈት አልኩህ። እሺ አልክ፤ ዓይንህ ግን የመኪናዋ ጎን ላይ የተረጨው ጭቃ ላይ ነበር። እኔ ልብሷን ላዘጋጅ ክፍሏ ገባሁ። ሻወር ቤት የምትጠራኝ እኔን ስትፈልግ ብቻ ነበር፤ ራቁቷን ሆና ሰው አጠገቧ ሲቆም እንደምታፍር ታውቃለህ።

አልጮኸችም። ስሜን ነው የጠራችው፤ ቀስ ብላ፣ ደጋግማ፣ እንግዳ እንዳይሰማባት እንደፈራች። ስገባ ክፍሉ በእንፋሎት ታፍኗል። ከወንበሩ ተነስታ ማምለጥ አትችልም፣ እጀታው ደግሞ ያለው ከሚፈላው ውሃ ባሻገር ነው። እጄን ሰድጄ ዘጋሁት። ትከሻዋንና ጭኗን ሁለታችንም ስላየነው ምን እንደሚመስል አልጽፍልህም። አንተ ስትደርስ የጎማውን ቱቦ እንደያዝክ ነበር፤ ውሃው ኮሪደሩን እያጥለቀለቀው ነበር።

ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ አጎታችን ደረሰ። እህቱ ምን እንደሆነች ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት አንተ ቀደምክ።

«እጀታውን አዙራው ነው፤ ይቺ ብቻዋን ትታት ወጥታ» አልክ።

«ይቺ» እኔ ነበርኩ። የለም፣ የግቢው ቧንቧ ነው ብዬ መናገር ስጀምር እናታችን ከተኛችበት ቃሬዛ እጇን አነሳች። እኔ ነኝ የነካሁት፣ ልጆቹን ተዉአቸው አለች። በዚህ ተዘጋ። አጎታችን ወደ እኔ ዞሮ «እኛ አንቺን አምነን ነበር የተቀመጥነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ስለው አይመልስልኝም። እናታችን የተቀበረች ቀን እንኳ የዘረጋሁትን እጅ አልፎ ጎረቤቴን ጨበጠ። ሰው ሁሉ አየ። አንተም አየህ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን በድንጋጤ ነው ብዬ ልተውልህ እችላለሁ። የደነገጠ ሰው የማይለው የለም። ያልተውኩልህ ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው።

የዚያኑ ቀን ልብሷን ልንወስድ አብረን ወደ ቤት ተመለስን። ክፍሏ ውስጥ ሻንጣ ሳዘጋጅ የግቢው ቧንቧ ሲከፈት ሰማሁ። ወጣ ብዬ ሳይ ሻወሩን ከፍተህ፣ እጀታውን እሷ እንደምታደርገው መሃል ላይ አድርገህ፣ እጅህን ከሥሩ ዘርግተህ ቆመሃል። ወዲያው እንደተነደፈ ሰው እጅህን ሰበሰብክ። ጥቂት ቆምክ። ሁለቱንም ዘግተህ፣ እጅህን በሱሪህ ጠርገህ ስትዞር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አሁን በእጁ ስላወቀው ስንመለስ ይናገራል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

ስንመለስ አክስቶቻችን መጥተው ነበር። ያንኑ ታሪክ ደገምክላቸው። እንዲያውም ጨመርክበት፤ እኔ ስልክ ላይ እንደነበርኩ ነገርካቸው። አጠገብህ ቆሜ፣ ሻንጣዋን ይዤ። ስልኬ የዚያን ቀን የት እንደነበር እስከ ዛሬ አላስታውስም፤ ጆሮዬ ላይ እንዳልነበር ግን አንተም እኔም እናውቃለን።

እሷ ከሆስፒታል ሳትወጣ ግድግዳውን አስፈረስኩ። የማላውቀው ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ከታንከሩ እስከ ፓምፑ አንድ ኢንች፣ ከፓምፑ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሦስት ሩብ ኢንች፣ ሙቁም ቀዝቃዛውም ለየብቻቸው፤ ግማሽ ኢንች የገባው ሻወሩ አፍ አጠገብ ብቻ ነው። ሰውየው ያንተን ቱቦ ነቅሎ መሬት ላይ ሲጥለው ማን ነው የሠራው ብሎ ጠየቀኝ። አላውቀውም አልኩት። ያን ቀን ይህን ስል የዋሸሁ አልመሰለኝም። ጠዋት የጀመረውን ሥራ ሳይመሽ ጨረሰ። አሁን ፓምፑ መነሳቱን ለማወቅ ጆሮ መጣል ያስፈልጋል።

እናታችን ግን አንድም ቀን አልታጠበችበትም። ክንዷን ይዤ በሩ ድረስ እወስዳታለሁ። ውሃውን ከፍቼ፣ የግቢውንም የኩሽናውንም ከፍቼ፣ እጄን ከሥሩ አድርጌ አሳያታለሁ። ታየኛለች፣ ታምነኛለች፤ እግሯ ግን ደፉን አልሻገር ይላል። ስለዚህ አልጋዋ ጠርዝ ላይ አስቀምጬ በፎጣ እጠርጋት ነበር። «ቱቦውን መቀየርሽን እንዳትነግሪው፣ ይከፋዋል» ትለኛለች። ይኸው አልነገርኩህም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትከሻዋን፣ ያንን ቆዳው የተጨማደደውን ቦታ፣ ስጠርጋት ነገሩ አፌን ሞልቶ ወጣ። ለምን እኔ ነኝ የነካሁት አልሽ ብዬ ጠየቅኳት።

«ሲሠራ የተናገረውን ሰምቼዋለሁ» አለችኝ። «ለአንዲት አሮጊት ይበቃል ያለውን።»

«ሰምተሽ ነው የመረቅሽው?»

«ምን ላድርግ ልጄ? አንቺ ብትበደዪም ትቀሪልኛለሽ። እሱ ከተቀየመ እግሩን ያነሳል።»

ፎጣውን ጨምቄ ጀርባዋን መጥረግ ቀጠልኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። እሷም ያወቀችው ይህንን ነበር፤ ብትነግረኝም ጠርጌያት፣ አልብሻት፣ ትራሷን አስተካክዬላት እንደማድር። ቤት የቀረ ሰው ስሙ ቢጠፋም ስለማይሄድ ስሙን ማጥፋት አይከብድም። የሞተ አይወቀስም ይላሉ። እኔ ግን በሕይወት እያለችም፣ በፎጣው እያሻሸኋት፣ በሆዴ ተቀይሜያት ነበር። አሁንም ቂሙ አልወጣልኝም። እናቴን መናፈቅና እናቴን መቀየም እንዲህ አንድ ላይ ይኖራሉ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እና እግርህ በዛ? ያን ሁሉ የከፈለችው አንተ እንዳትቀር ነበር። አንተ ግን ፍራፍሬ በፌስታል ይዘህ ብቅ ትላለህ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ስልክህን ታያለህ፣ ሥራ አለኝ ብለህ ትነሳለህ። መታጠቢያ ቤቱን አንድም ጊዜ ገብተህ አላየኸውም። ሳንባዋ ታሞ ስትሞት ምራቋን የጠረግኩት፣ አፏን በጥጥ ያራስኩት እኔ ነኝ። ያኔም ስምህን ነው የጠራችው። መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው አልኳት። አንተ ያን ሰዓት የሰው ቤት ቧንቧ ስትፈትሽ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልምጣ።

እምቢ ብልህ ደስ ባለኝ። ትናንት ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን ሙሉ እምቢታዬን ስደረድር ነበር፤ የማልልህ አልነበረም። ቤት ስደርስ ግን አንድ ነገር አስቆመኝ። ራሱን ማጠብ ያቃተው ሰው እንዴት እንደሚያፍር፣ ሌላ ሰው ፊት ልብሱ ሲወልቅ ዓይኑን ወዴት እንደሚያደርግ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ያንን በጠላቴም አልመኘው። ስለዚህ አትምጣ አልልህም።

ይቅርታ ጠይቀኝም አልልህም። በር ዘግተህ፣ እኔና አንተ ብቻችንን ሆነን፣ አንገትህን ደፍተህ ይቅርታ ማለት ላንተ ቀላል ነው፤ አምርረህ ልታለቅስም ትችላለህ። ስሜ የጠፋው ግን በር ተዘግቶ አይደለም። አጎታችንን አስጠራው። አልጋህ አጠገብ አስቀምጠውና በገዛ አፍህ ንገረው። ቱቦውን ማን እንደመረጠ፣ ምን እያወቀ እንደመረጠው፣ የግቢውን ቧንቧ ማን እንደከፈተ፣ እኔ ስልክ ላይ እንዳልነበርኩ። ስለ ቱቦ የማያውቅ ሽማግሌ ነውና ረዳቶችህን እንደምታስረዳቸው ቀስ ብለህ አስረዳው። ሚስትህም ቁጭ ብላ ትስማ።

ይህን ሁሉ እኔው ልነግረው እችል ነበር። ሞክሬያለሁም፤ ሁለት ቃል ሳልናገር ከወንበሩ ተነሳ። ከእኔ አፍ እውነት እንዳይወጣ አድርገህ የሄድከው አንተ ነህና፣ መልሰህ ማስተካከልም ያንተ ሥራ ነው።

አጎታችን የደወለልኝ ቀን፣ ስሜን ጠርቶ ያናገረኝ ቀን፣ አንሶላ ቀይሬ በሩን ከፍቼ እጠብቅሃለሁ። ወንበር ላይ አስቀምጬ አጥብሃለሁም፤ እጄ ለምዶታል። እሱ ሳይደውል ከመጣህ ግን መኪናው በራፉ ላይ ይዞህ ቢውልም አልከፍትልህም። እናታችን እንዳትቀየምባት ፈርታ ኖራ ፈርታ ሞተች። እኔ አልፈራም። ብትቀየም ተቀየም።

ቤቱ ውስጥ የቀረችው እህትህ